ባለቤት የሌለው ሜዳ የለም

ርእሰ አንቀጽ

የተማሪዎች የዘፈን ክሊፕ ሥራ በዲላ እየተስፋፋ መሄዱን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ቅዳሜ ጧት ከግቢው በር ቆሞ ለሚመለከት ሰው፣ ጊታር ወይም ክራር ያነገተ፣ ስፒከር የተሸከመ፣ የባህል ልብስ በፌስታል የያዘ ቡድን ባጃጅ ሲጠብቅ ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል። አንዱ ይዘፍናል፤ አንዱ ስልኩን ወይም የተዋሰውን ካሜራ ይይዛል፤ ሁለቱ ይጨፍራሉ፤ የቀሩት ውሃና ዳቦ ይሸከማሉ። ማታ ጭቃ ረግጠው ሲመለሱ በፊታቸው ላይ የሚነበበው ደስታ የፈተና ውጤት በተለጠፈ ቀን ከሚታየው ይበልጣል።

ይህን ሥራ የምናየው በደስታ ነው። ተማሪ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰማውን ብቻ ይዞ እንዲወጣ አንፈልግም። አራት ደቂቃ የምትሞላ አንዲት ክሊፕ ለመሥራት ግጥም የሚጽፍ፣ ዜማ የሚያወጣ፣ ብርሃን የሚያይ፣ ጭፈራ የሚያለማምድ፣ የተቀረጸውን ቆርጦ የሚያቀናብር ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሰው ደግሞ ከአንድ መንደር አይገኝም። ከጎጃም የመጣው ከሲዳማው፣ ከወላይታ የመጣችው ከአዲስ አበባዋ ጋር አንድ ዕቃ ተሸክመው ዳገት ሲወጡ፣ በስብሰባ ብዛት የማይገኝ መግባባት ያገኛሉ። ሥራውን የሥራ ፈት ጨዋታ ነው እያሉ የሚያጣጥሉ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ በአሳባቸው ግን አንስማማም።

ነገር ግን ወዳጅ ለወዳጁ የሚናገረው አለና፣ ዛሬ ስለ አንዲት ቃል ልንነጋገር እንወዳለን። ቃሏ «ውጭ» የምትለው ናት። «ክሊፑን ውጭ እንሥራው» ይባላል። ውጭ ሲባል ከግቢው አጥር ማዶ ያለው አረንጓዴ ሁሉ ማለት ነው፤ የማንም ያልሆነ፣ ማንም የሚገባበት፣ ለዘፋኙ ጌጥ ይሆን ዘንድ እግዜር የዘረጋው ምንጣፍ ማለት ነው። የዚህ ርእሰ አንቀጽ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ በጌዴኦ ምድር እንዲህ ያለ «ውጭ» የለም። የምንረግጠው ሁሉ የአንድ ሰው ጓሮ፣ የአንድ ቤተ ሰብ ጎተራ፣ ወይም የአባቶች መቃብር ነው።

ቍጥሩ ራሱ ይናገራል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ በጌዴኦ ዞን 847,434 ሰው ተቈጥሯል፤ የዞኑ ስፋት ደግሞ 1,210 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህም በያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ማለት ነው። በገጠሪቱ ኢትዮጵያ እንዲህ ጥቅጥቅ ብሎ ሕዝብ የሰፈረበት ቦታ ጥቂት ነው። እንግዲህ ከዲላ ወደ ወናጎ፣ ከወናጎ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ለዐይን ደን መስሎ የሚታየው ነገር ማሳ ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራውና ሌላው ትልልቅ ዛፍ ጥላ ይሰጣል፤ ከሥሩ እንሰቱ ይቆማል፤ ከእንሰቱ ሥር ቡናው ያፈራል፤ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎመኑና ሌላው አትክልት ይበቅላል። የአንዱ ጣሪያ ለሌላው ወለል ነው።

ለካሜራ ክፍት መስሎ የሚታየው በሁለት እንሰት መካከል ያለው ቦታም ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም። በቅርብ የተተከለ የቡና ችግኝ ይኖርበታል፤ ችግኙ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈልጋል። እንሰቱም ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይቆያል። አሥር ተማሪ አንዱን ዘፈን ሃያ ጊዜ እየደጋገመ ቢጨፍርበት፣ የሚጠፋው የአንድ ቀን ልፋት አይደለም። በለቀማው ወራት ደግሞ እሸቱ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይቆያል፤ ቀይ ፍሬ በካሜራ ሲታይ ያምራልና እጅ አስገብቶ መበተን ይወደዳል። ለገበሬው ግን ያ ፍሬ የልጆቹ ደብተር፣ የዓመቱ ጨውና ልብስ ነው።

ባለፈው የለቀማ ወራት የሆነውን እንናገር። ከዲላ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ አንድ የተማሪዎች ቡድን ሳይጠይቅ አንድ አዛውንት ጓሮ ገብቶ ከጧት እስከ ቀትር ሲቀርጽ ቆየ። አዛውንቱ ከገበያ ሲመለሱ ከችግኞቻቸው ብዙዎቹ ተረግጠው አገኙ። አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። ከልጆቹ አንዱ ገንዘብ አውጥቶ ሊሰጣቸው ቢል፣ አስቀድሞ ነግሯቸው ቢሆን ቡና አፍልተው ይጠብቁት እንደ ነበር ብቻ ነገሩት። በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ቀበሌ የጥናት መጠይቅ ይዘው የሄዱ ሌሎች ተማሪዎች ግን የሚያናግራቸው ሰው አላገኙም። ያልረገጡትን ችግኝ ዕዳ እነሱ ከፈሉ። የተማሪ ስም አንድ ነው፤ አንዱ ሲያቈሽሸው ሁሉም ይለብሰዋል።

ይህን ነገር ከማንም በፊት ሊያውቀው የሚገባው ተማሪው ነበር። የጌዴኦ ገበሬ የሚያርሰውን መሬትና የቡናውን ፍሬ ከባለ ርስቶች እጅ ለማስጣል በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተነሥቶ፣ ሚችሌ በተባለው ቦታ ተዋግቶ፣ ብዙ ደም ፈሷል። ከዚያም ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የያኔው የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ። የገጠር መሬት ዐዋጅ የታወጀው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ገበሬውና ተማሪው ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ጠይቀው ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ለአራሹ ብሎ የጮኸ የተማሪ ትውልድ ወራሽ፣ ዛሬ የአራሹን አጥር ሳያንኳኳ ሲገባ ማየት ያሳዝናል።

ሌላም እንጨምር። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ ያነበበው ግጥም ርእሱ «ደሃው ይናገራል» የሚል ነበር። ርእሱን ብቻ ልብ ማለት ይበቃል። ያን ጊዜ ተማሪ የነበረው ማይክሮፎን ብቻ ነበር፤ በዚያም ደሃውን ሊያናግርበት ሞከረ። እኛ ከማይክሮፎኑ በላይ ካሜራ አለን፤ በክሊፖቻችን ውስጥ ግን ደሃው አይናገርም። መቆፈሪያውን በትከሻው ይዞ በዘፋኙ ጀርባ ያልፋል። ፊቱ ይታያል፤ ስሙ አይታወቅም።

ከጓሮው ወደ ድንጋዩ እንለፍ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፏል። ይህ ክብር የተሰጠው ለአንድ ሐውልት ወይም ለአንድ ሕንጻ አይደለም፤ ሕዝቡ ከዛፉ፣ ከእንሰቱና ከቡናው ጋር ለሚኖረው ኑሮ፣ ለሚጠብቃቸው የተከበሩ ደኖችና በተራራው ጫፍ ላይ በሺህ ለሚቈጠሩት ትክል ድንጋዮች በአንድነት ነው። ከነዚህ ድንጋዮች መካከል በቱቶ ፈላ ያሉት ብዙዎቹ የሰው መልክ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ ሥፍራው መቃብር መሆኑንም ቍፋሮ አሳይቷል። በሳካሮ ሶዶ የተደረገ ጥናትም የድንጋዮቹ ዕድሜ እስከ መጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚደርስ አስረድቷል። በአባቱ መቃብር ላይ ስፒከር ተቀምጦ ሰው ሲጨፍርበት ደስ የሚለው ከመካከላችን ማን ነው? የአያታችንን መቃብር የማናደርገውን፣ የሌላውን ሕዝብ አያት መቃብር መወጣጫ ልናደርገው አይገባም። የተከበረው ደንም እንዲሁ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የሚገባበትንና የማይገባበትን ያውቃሉ፤ ካሜራው ግን ሁሉም ዛፍ አንድ ይመስለዋል።

ከድንጋዩም ይልቅ የሚከብደው የሰው ፊት ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ ነበር። ያን ጊዜ ካሜራ መጥቷል፤ የተራበ ሕፃንና ያለቀሰች እናት ቀርጿል፤ ሄዷል። ስለዚህ ካሜራ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ገበሬ ቢያጋጥመን ኋላ ቀር ነው ብለን አንሳቅበት። ካሜራ ምን እንደ ሆነ ከኛ ይልቅ ያውቃል።

ሕጉም ከሱ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ እንደማይቻል ይደነግጋል። በቍጥር 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ከነዚህም አንዱ በአደባባይ የተደረገ ድርጊት ወይም በዓል ነው። እንግዲህ በደራሮ በዓል አደባባይ የተሰበሰበ ሕዝብ ሌላ፣ በጓሮዋ ተቀምጣ እንሰት የምትፍቅ እናት ሌላ ናት። ሕጉ ሲወጣ ዩቲዩብም ቲክቶክም አልነበረም፤ ዛሬ ግን በአንድ ማታ አንድ ፊት ስንት አገር እንደሚዞር ስናስብ፣ የሕጉ አሳብ ያኔ ከነበረው ይልቅ ዛሬ ያስፈልገናል።

የዘፈኑም ነገር አለ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410/1996 መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። የሌላውን ሰው ዘፈን ወስዶ፣ የራስን ፊት አድርጎበት፣ ስሙን ሳይጠሩ ማውጣት ተማሪ ነኝ በማለት አይሸፈንም። ስም የሌለው የሕዝብ ዜማም ቢሆን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ሕዝቡ ነው። የጌዴኦኛ ዜማ ስንወስድ ለልቅሶ ነው ወይስ ለምርቃት፣ ለሥራ ነው ወይስ ለሠርግ ብለን ካልጠየቅን፣ በለቅሶ ዜማ እስክስታ የምንወርድበት ቀን ሩቅ አይሆንም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚለው ተረት የተተረተው እንዲህ ላለው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡትን መልሶች ሰምተናል። አንዳንዶች «መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ማን ይከለክለናል?» ይላሉ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን መደንገጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚያው አንቀጽ ሰው በጕልበቱ በመሬቱ ላይ ያፈራውና ያሻሻለው የራሱ መሆኑ ተጽፏል። ችግኙን የተከለው መንግሥት አይደለም። ሌሎች ደግሞ «ከጠየቅን ገንዘብ ይጠይቁናል፤ እኛ ተማሪዎች ነን» ይላሉ። ገንዘብ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ብዙው ግን የሚጠይቀው መታወቅን ነው። የሚከለክልም ይኖራል፤ መከልከል መብቱ ነው። «ለአካባቢው መልካም ስም እናስጠራለታለን» የሚሉም አሉ። በክሊፑ መጨረሻ የቦታው ስም እንኳ ካልተጻፈ የተጠራው ስም የማን ነው? የይርጋ ጨፌ ቡና በዓለም ሁሉ ሲጠጣ ስሙ አብሮት ይሄዳል፤ የኛ ክሊፕ ግን ያንኑ ዳገት «ደስ የሚል ቦታ» ብሎ ያልፈዋል።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሳይጠይቁ መግባት ሥራውን ራሱን ያበላሻል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላልና፣ ጉሙ ከሸለቆው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ፀሐይ በየትኛው እንሰት መካከል እንደምትገባ፣ ዝናቡ ከየት በኩል እንደሚመጣ የሚያውቀው ባለ ጓሮው ነው። ተሸማቆና ተቻኵሎ የሚቀርጽ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እንግዳ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ግን ጊዜ አለው። የምናየው ክሊፕ ሁሉ አንድ ዐይነት የሆነብን፣ ዘፋኙ በቅጠል መካከል ቆሞ እጁን ከማወዛወዝ ያላለፈው፣ ቦታውን የሚያውቅ ሰው አብሮ ስላልሠራ ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ የሚከተለውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ቡድኑ ሊቀርጽ ከማሰቡ አስቀድሞ አንድ ቀን ያለ ካሜራ ይሂድ። ባለ ቤቱን ያግኝ፤ ቦታው የጋራ ወይም የተከበረ ከሆነ የአካባቢውን ሽማግሌዎች በሶንጎው ይጠይቅ። ጌዴኦኛ የሚናገር ጓደኛ ይዞ ይሂድ፤ ይህም ጓደኛ ዕቃ ተሸካሚና አስተርጓሚ ብቻ ሳይሆን በሥራው አሳብ የሚሰጥ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በለቀማ ወራት ከማድረቂያ አልጋና ከመፈልፈያ ጣቢያ ይራቅ። ገበሬው የፈቀደውን መሄጃ ይከተል። ትክል ድንጋይ ላይ አይውጣ፤ አይደገፍ፤ ልብስ አያስጣበት።

ሦስተኛ፣ ፊቱ በግልጽ የሚታይ ሰው ሁሉ ይጠየቅ፤ ሕፃን ሲሆን ወላጁ ይጠየቅ። ከመውጣቱ በፊት የተቀረጸው በስልክ ይታይለት። አይሆንም ካለ ይቆረጥ።

አራተኛ፣ በክሊፑ መጨረሻ የግጥሙና የዜማው ባለቤት፣ የቀበሌው ስም፣ ከፈቀዱም የባለ ጓሮው ስም ይጻፍ። ውሃ የተሸከመው ጓደኛም አይረሳ። ዘፋኙ ብቻውን የወጣው ዳገት የለም።

አምስተኛ፣ ክሊፑ ሲያልቅ ወደ ተሠራበት ቦታ ይመለስ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በነጭ አንሶላ ላይም ቢሆን ለመንደሩ ይታይ። ይህ ከገንዘብ ይልቅ የሚታወስ ክፍያ ነው።

ስድስተኛ፣ እኅቶቻችንን በተመለከተ፣ ቡድኑ ሳይመሽ ይመለስ፤ ምን እንደሚለበስና እንዴት እንደሚጨፈር ከሴቶቹ ጋር ተመካክሮ ይወሰን። ካሜራ የያዘ ሁሉ ዳኛ አይደለም።

ይህን ሁሉ ተማሪው ብቻውን እንዲሸከመው አንጠብቅም። የተማሪዎች ማኅበር አንድ መዝገብ ቢከፍት፣ የትኛው ቡድን የት እንደ ሄደ፣ ማን እንደ ፈቀደ፣ ምን እንደ ተመለሰ ቢጻፍበት፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ቡድን ከባዶ አይጀምርም። የቋንቋ፣ የባህልና የሕግ መምህራን አንድ ሰዓት ሰውተው ከመውጣታቸው በፊት ቡድኖቹን ቢያነጋግሩ፣ ብዙ ጥናት የማይሠራውን ሥራ ይሠራሉ። ዩኒቨርሲቲው ካሜራና የድምፅ ዕቃ ሲያውስ የቦታውን ፈቃድ አብሮ ቢጠይቅ፣ ክልከላ ሳይሆን ትምህርት ይሆናል።

መምህራኖቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ተማሪ በክሊፕ ሥራ ምክንያት ከክፍል ሲቀር መቈጣት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በጨዋነት የተሠራ ክሊፕ ሲያዩ ዝም አይበሉ። ስለ መሬት አጠቃቀም፣ ስለ ቅርስ፣ ስለ ሰው መብት በክፍል የሚያስተምሩት ሁሉ በአንድ ቅዳሜ በአንድ ጓሮ ውስጥ ይፈተናል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ከመካከላችን አብዛኛው በዲላ የሚቆየው ጥቂት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ እንበተናለን። ችግኙ ግን እኛ በምንመረቅበት ዓመት ገና ማፍራት ይጀምራል። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚወጣ ቡድን ካለ፣ ካሜራውን ከቦርሳው ከማውጣቱ በፊት በሩን ያንኳኳ።